የሩቁ ለምን ይዘገያል?
ስለ ፀሐይና በዙሪያዋ ስለሚዞሩት ዓለማት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር እያልን፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን እንመኛለን።

እንደሚታወቀው ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ከአባላት አንዱ ለጠቅላላ ዕውቀት የሚሆን ነገር እንዲናገር ማድረግ የዕድራችን ልማድ ነው። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ደርሷል። እኛ ሊቅ አይደለንም። ትምህርታችን የአንደኛ ደረጃ ነው፤ ዕድሜያችንንም ያሳለፍነው በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስንመዘግብና ፋይል ስናገላብጥ ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ግን የልጅ ልጆቻችንን የትምህርት መጻሕፍት እየተዋስን ማንበብ ልማድ ሆኖብናል። ከነዚያ ውስጥ ልባችንን የያዘው ስለ ፀሐይና በዙሪያዋ ስለሚዞሩት ዓለማት፣ ማለት ስለ ፕላኔቶች የሚናገረው ነው።

ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሻይ በኋላ የምንወያይበትን አጀንዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ፣ ወደ ባኮ፣ ወደ አዲስ አበባም የሄዱ አባሎቻችን ለቀብር ዘግይተው ሲደርሱ ምን ይደረግ? እንደ ቅርቡ አባል ይቀጡ ወይስ ከነጭራሹ ከመዝገብ ይሰረዙ? የሚል ነው። ታዲያ ሩቅ ያለ ነገር ለምን እንደሚዘገይ ከሰማይ የበለጠ የሚያስተምር ስለማናገኝ፣ አስቀድመን ወደ ላይ እንመልከት። ወደ ዕድራችን ጉዳይ በመጨረሻው እንመለሳለን።

ለመሆኑ ዓመት ማለት ምንድር ነው? እኛ ዓመት የምንለው መስከረም ጠብቶ መስከረም እስኪጠባ ያለውን ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የምንኖርባት መሬት በፀሐይ ዙሪያ አንድ ዙር ትዞራለች። ይህም 365 ቀን ከሩብ ያህል ይፈጅባታል። 12ቱ ወር ባለ 30 ቀን ሆኖ 360 ይሞላል፤ የቀረውን 5 ቀን ጳጉሜን ትሸከመዋለች፤ ሩቧ ደግሞ 4 ዓመት ተጠራቅማ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ፈረንጅ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት የሚቀድመው መቁጠር ከጀመረበት ቦታ የተነሣ ነው እንጂ፣ የእሱም መሬት የእኛም መሬት አንድ ስለሆነች ዙሩ ያው አንድ ዙር ነው። እንግዲህ ዓመት ማለት ዙር ነው፤ ይህን በልባችን እንያዝ። መሬት ባትሆን ኖሮ፣ በሌላ ዓለም ላይ ብንኖር ዓመታችን ሌላ ይሆን ነበር።

ፀሐይን የሚዞሩት ትልልቅ ዓለማት 8 ናቸው። ከፀሐይ ያላቸውን ርቀት በቁጥር ብቻ ብንነግራችሁ ከጆሮ ገብቶ በጆሮ የሚወጣ ስለሆነ፣ በምናውቀው መንገድ እንለካው። አሁን ከፊታችን የተተከለውን የዕድራችንን ድንኳን ፀሐይ ነው እንበል። ስፋቱን 14 ሜትር አድርጉት። እያንዳንዱን 100 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ደግሞ በ1 ኪሎ ሜትር እናሳጥረው። በዚህ ልክ መሬት ከአንድ ትርንጎ የማትበልጥ ሆና ከድንኳኑ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቃ ትገኛለች፤ በእግር የ20 ደቂቃ መንገድ ነው። ሜርኩሪ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ቬነስ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ማርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሩብ ላይ ናቸው። እነዚህ አራቱ ከአምቦ ከተማ ብዙም ሳይወጡ የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይረዝማል። ጁፒተር ወደ 8 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሳተርን 14 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ወደ ምዕራብ ከሄድን ጉደርን ትንሽ ማለፍ አለብን። ኡራኑስ 29 ኪሎ ሜትር፣ ኔፕቱን 45 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ኔፕቱንን በምሥራቅ በኩል እንፈልገው ካልን ጊንጪን አልፈን ነው የምናገኘው። ከአምቦ ድንኳን ጊንጪ ማዶ ያለውን ሰው አስቡት። እንግዲህ የፀሐይ ቤተሰብ እንዲህ የተበታተነ ነው።

አሁን ደግሞ የእያንዳንዱን ዙር፣ ማለት የእያንዳንዱን ዓመት እንመልከት። ሜርኩሪ በ88 ቀን አንድ ጊዜ ዞሮ ይጨርሳል። ቬነስ በ225 ቀን፣ መሬት በ365 ቀን ከሩብ፣ ማርስ በ687 ቀን ይዞራሉ። ጁፒተር 12 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሳተርን በ29 ዓመት ተኩል ግድም፣ ኡራኑስ በ84 ዓመት፣ ኔፕቱን በ165 ዓመት ይጨርሳሉ።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ይኼማ ምን ያስደንቃል፤ የራቀው መንገዱ ስለሚረዝምበት ይዘገያል» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። እስኪ በጽሕፈት ቤት እንደለመድነው ሒሳቡን እናስተያየው። ጁፒተር ከፀሐይ ያለው ርቀት የመሬት 5 እጅ ከጥቂት ነው፤ በትክክል 5.2 እጅ ይሆናል። ክበቡም እንደዚሁ 5.2 እጅ ይረዝማል። እንግዲያው መዘግየቱ በመንገዱ ርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ በ5 ዓመት ከሁለት ወር ግድም መጨረስ ነበረበት። እሱ ግን 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የቀረው ጊዜ የት ገባ? ሒሳቡ ሳይገጥም ሲቀር የሆነ ያልተመዘገበ ነገር አለ ማለት ነው።

ያልተመዘገበው ነገር ፍጥነት ነው። ጁፒተር መንገዱ መርዘሙ ብቻ ሳይሆን ርምጃውም ቀርፋፋ ነው። መሬት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ሜርኩሪ 47፣ ቬነስ 35፣ ማርስ 24 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ጁፒተር 13፣ ሳተርን ወደ 10፣ ኡራኑስ ወደ 7 ኪሎ ሜትር፣ ኔፕቱን ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከፀሐይ በራቁ ቁጥር ርምጃው ይዘገያል።

ገበሬ የሆናችሁ ወይም በገበሬ ቤት ያደጋችሁ እህል ሲበራይ አይታችኋል። በሬዎቹ ጎን ለጎን ታስረው አውድማውን ሲዞሩ፣ ከመሐል በኩል ያለው በሬ እዚያው እዚያው ይረግጣል፤ ከዳር ያለው ግን እኩል ለመዞር መሮጥ አለበት። ብዙ ሰው ፕላኔቶችም እንደ በሬዎቹ ይመስሉታል፤ የዳሩ የበለጠ ሮጦ የሚደርስ ይመስለዋል። ነገር ግን ፕላኔቶች እርስ በርሳቸው በገመድ የታሰሩ አይደሉም። የመሐሉ ይሮጣል፤ የዳሩ ያዘግማል። የአውድማው ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ሩቅ ዓለም ሁለት ሒሳብ አለ። አንደኛው የመንገዱ ርዝመት ነው፤ ሁለተኛው የርምጃው ዝግታ ነው። ሁለቱ ተባዝተው ነው ዓመቱን የሚያስገኙት። ጁፒተርን ብንወስድ መንገዱ 5.2 እጅ ይረዝማል፤ ርምጃው ወደ 2.3 እጅ ይዘገያል፤ ሁለቱ ሲባዙ 12 ይጠጋል። ኔፕቱንን ብንወስድ መንገዱ የመሬትን 30 እጅ ነው፤ ርምጃው 5 እጅ ተኩል ይዘገያል፤ 30 በ5 ተኩል ሲባዛ 165 ይመጣል። አሁን ሒሳቡ ገጠመ።

ታዲያ የሩቁ ርምጃ ለምን ዘገየ? ስንፍና ነው? አይደለም። ምክንያቱ ስበት ነው። ፀሐይ ሁሉንም ወደ ራሷ ትስባለች። ስበቷ ግን በርቀት ይደክማል፤ አደካከሙም ደንብ አለው። ርቀቱ ሁለት እጅ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጅ ሲሆን ከዘጠኝ አንድ እጅ ይሆናል። ኔፕቱን ዘንድ ሲደርስ ለመሬት ከሚደርሳት ከ900 አንዱ እጅ ብቻ ይቀራል። ቅርብ ያለው ዓለም በብርቱ ስለሚሳብ፣ ወደ ፀሐይ እንዳይወድቅ በብርቱ መሮጥ አለበት። የሩቁ ግን የሚሳበው በደካማ እጅ ስለሆነ ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ቀስ ማለት ግዴታው ነው። ኔፕቱን እንደ ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ልሩጥ ቢል፣ ያ የደከመ ስበት ሊይዘው ስለማይችል ከፀሐይ ቤተሰብ ወጥቶ በዚያው ይጠፋ ነበር። ወንጭፍ ያዞረ ሰው ይህን ያውቃል፤ ድንጋዩን በክበቡ የሚያቆየው የገመዱ መያዝ ነው፤ ገመዱ ሲለቀቅ ድንጋዩ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የዓለሙ ትልቅነት ወይም ትንሽነት አይገባም ማለት ይቻላል። ጁፒተር ከሁሉም የሚገዝፍ ነው፤ ነገር ግን በእሱ ቦታ አንዲት ጠጠር ብትዞር ዓመቷ ያው 12 ዓመት ግድም ነው። የሚቆጠረው ቦታ ነው እንጂ ክብደት አይደለም።

ይህን ደንብ መጀመሪያ በቁጥር ያገኘው ዮሐንስ ኬፕለር የተባለ ጀርመናዊ ነው። ያሳተመውም እ.ኤ.አ. በ1619 ሲሆን፣ በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን ነው። የሰማዩን ልኬት ከእሱ በፊት ለብዙ ዓመታት መዝግቦ ያቆየለት ቲኮ ብራሄ የተባለው የዴንማርክ ሰው ነበር። ይህን ስናነብ፣ የመዝገብ ሥራ ንቀት የለበትም ብለን ደስ ብሎናል። አንዱ በትጋት ባይመዘግብ ሌላው ከየት አምጥቶ ያሰላ ነበር? ምክንያቱ ስበት መሆኑን ያስረዳው ደግሞ እንግሊዛዊው ኒውተን ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1687 በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ነው።

የኬፕለር ደንብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ርቀቱን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዛው፤ ዓመቱን በራሱ ሁለት ጊዜ አባዛው፤ ሁለቱ እኩል ይመጣሉ። ርቀቱ የሚለካው በመሬት ርቀት፣ ጊዜውም በመሬት ዓመት ነው። ለምሳሌ የመሬትን 4 እጅ የሚርቅ ዓለም ቢኖር፣ 4 በ4 በ4 ሲባዛ 64 ነው። በራሱ ሲባዛ 64 የሚሰጠው ቁጥር 8 ነው። ስለዚህ የዚያ ዓለም ዓመት የእኛን 8 ዓመት ይሆናል፤ አንድ የገዳ ዘመን ማለት ነው። ብዕርና ወረቀት ያለው የ6ኛ ክፍል ልጅ ሊሠራው ይችላል።

ስምንት ቁጥርን ካነሣን የአጥቢያ ኮከብን ሳንጠቅስ አናልፍም። በአማርኛ የአጥቢያ ኮከብ፣ በኦሮምኛ በከልቻ የምንለው፣ ማለዳ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለእርሻ ስንወጣ የምናየው፣ ኮከብ ሳይሆን ቬነስ ናት። የጥንቶቹ ዝሁራ ይሏታል። እሷ በውስጠኛው መንገድ ስለምትሮጥ እኛ 8 ዙር ስንጨርስ 13 ዙር ትጨርሳለች። ስለሆነም በየ8 ዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የሰማይ ክፍል ተመልሳ ትገኛለች። ዘንድሮ በመስከረም የት እንዳለች አይታችሁ መዝግቡ፤ ዕድሜ ከሰጠን ከ8 ዓመት በኋላ በመስከረም እንመለከታታለን።

ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ የሚመስለው ካለ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለውን ዲሽ ይመልከት። ዲሹ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ከታሰረ በኋላ ወዲያና ወዲህ አይዞርም። ለምን ይመስላችኋል? የቴሌቪዥኑን ሥርጭት የሚልክልን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። በዚያ ርቀት ላይ የተቀመጠ ነገር መሬትን ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ቀን ነው። መሬትም በራሷ ላይ የምትዞረው በአንድ ቀን ነው። እኩል ስለሚዞሩ ሳተላይቱ ከእኛ አናት በኩል ካለበት ቦታ ንቅንቅ የማይል ይመስላል። ደንቡ ያው የፀሐይ ቤተሰብ ደንብ ነው፤ እዚህ ግን በፀሐይ ቦታ ያለችው መሬት ናት። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ደግሞ ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለነበረች፣ አንዱን ዙር የምትጨርሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ከጥቂት ደቂቃ ነበር። ቀረብ ያለ ይፈጥናል።

ጨረቃንም እንጨምር። ከመሬት መካከል ሲለካ የዲሹ ሳተላይት 42,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። 9 እጅ መሆኑ ነው። 9 በ9 በ9 ሲባዛ 729 ይሆናል። 27 በ27 ሲባዛም 729 ነው። እንግዲያው ጨረቃ በ27 ቀን መዞር አለባት፤ እውነትም በ27 ቀን ግድም ትዞራለች። ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል የሚሆነው፣ በመካከሉ መሬት ራሷ በፀሐይ ዙሪያ ስለምትራመድ ጨረቃ እሷን ለመድረስ ሁለት ቀን ስለምትጨምር ነው።

አንዳንድ ሰው «ክረምት የሚበርደን ከፀሐይ ስለምንርቅ ነው» ይላል። የመሬት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ የምንቀርብበትና የምንርቅበት ጊዜስ አለ። እጅግ የምንቀርበው ታኅሣሥ 25 ገደማ፣ በገና ሰሞን ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። እጅግ የምንርቀው ሰኔ 27 ገደማ፣ ሐምሌ አቦ ሳምንት ሲቀራት ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። ነገር ግን በዚያው በሰኔ መጨረሻ በፈረንጆቹ አገር የበጋ ሙቀት ነው፤ የእኛም ብርድ ከደመናውና ከዝናቡ የመጣ ነው። ርቀቱ የሚለውጠው ርምጃን ነው። በገና ሰሞን መሬት ትፈጥናለች፤ በሐምሌ ትዘገያለች። ማስረጃው በቀን መቁጠሪያችን ላይ ይገኛል። ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ከመጋቢት 11 ገደማ ተነሥታችሁ እንደገና እኩል እስከሚሆኑበት እስከ መስከረም 13 ገደማ ብትቆጥሩ 186 ቀን ይሆናል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን 179 ቀን ብቻ ነው። ያው ግማሽ ዙር ሆኖ በ7 ቀን ይለያያል፤ በክረምቱ በኩል መሬት ራቅ ብላ ስለምታዘግም ነው።

አሁን ይህን በሰው ዕድሜ እንመዝነው። እንደ እኛ 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ የወጣ ሰው፣ በሜርኩሪ ቢቆጠርለት ወደ 250 ዓመቱ ነው። በጁፒተር 5 ዓመቱ ነው፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። በሳተርን 2 ዓመቱ ነው። በመካከላችን 84 ዓመት የሞላቸው እናት አሉ፤ በኡራኑስ ቢቆጠር አሁን ገና የአንደኛ ዓመት ልደታቸው ነው። (በዚህ ጊዜ ጉባኤተኛው ስቋል።)

ኔፕቱንን ደግሞ በታሪካችን እንለካው። ይህ ዓለም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1846፣ በእኛ በመስከረም 1839 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ነበረች፤ ቴዎድሮስ አልነገሡም። ኔፕቱን እያዘገመ ሳለ ቴዎድሮስ ነገሡ፣ መቅደላ ሆነ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ ዮሐንስ አለፉ፣ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ድል ሆነ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገባ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ወጣ። ከተማችን ሀገረ ሕይወት ተብላ ኖራ እንደገና አምቦ ተባለች። የ1966ቱ አብዮት መጣ፣ ደርግም በ1983 ዓ.ም. አለፈ፣ ሁለት ሺህ ዓመትም ተከበረ። ኔፕቱን በተገኘበት ቦታ የደረሰው በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ትውልድና ይህ ሁሉ ቀብር ለእሱ አንድ ዓመት ነው።

አንድ የመጨረሻ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። ሃሌይ የሚባል ባለ ጭራ ኮከብ አለ። መንገዱ እንደ እንቁላል የረዘመ ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በሰከንድ 54 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ሲርቅ ከኔፕቱን ማዶ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ1902 ዓ.ም. መጥቶ ነበር፤ በ1978 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሲርቅ ሲርቅ ኖሮ በኅዳር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ከመንገዱ ጫፍ ደርሶ ፊቱን ወደ ፀሐይ መልሷል። አሁን በመምጣት ላይ ነው፤ በ2053 ዓ.ም. ይደርሳል። ልጆቻችን ያዩታል። እንግዲህ በ76 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ይህን ኮከብ ፀሐይ ከመዝገቧ አልሰረዘችውም።

አሁን ወደ ዕድራችን እንመለስ። ሰማይ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ አይጽፍልንም፤ ይህን እናውቃለን። ሰው እንደ ድንጋይ አይሳብም፤ ፈቃድ አለው። ነገር ግን ከላይ ያየነው አሠራር ለውይይታችን አንድ ነገር ይሰጠናል። የሩቁ አባል ሲዘገይ ሁለቱንም ሒሳብ ለይተን እንመልከት ነው የምንለው።

አንደኛው የመንገዱ ርዝመት ነው። ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጊንጪ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባና ባኮ እያንዳንዳቸው ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። ለፋፊው ጠዋት ሲለፍፍ ሰምቶ በ20 ደቂቃ የሚደርሰውንና መኪና ፍለጋ መናኸሪያ የሚቆመውን በአንድ ሰዓት መቆጣጠሪያ መለካት የሜርኩሪን ዓመት ለኔፕቱን መስጠት ነው። በዚህ ላይ የምናቀርበው ሐሳብ፦ የመድረሻው ሰዓት እንደየቦታው ይወሰን። የከተማው አባል እንደ ድሮው አስከሬን ከቤት ሳይወጣ ይድረስ። የጉደሩና የጊንጪው ለቀብሩ ይድረስ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው እስከ ሠልስት ቢደርስ እንደ ደረሰ ይቆጠርለት። መዋጮው ግን ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ከባለጸጋውም ከድኻውም፣ ከትልቁም ከትንሹም። በዚያ በኩል ክብደት አይታይም ብለናልና።

ሁለተኛው ሒሳብ የስበቱ መድከም ነው። ይህ ከመንገዱ ይበልጥ ያሳስበናል። የራቀው አባል የሚዘገየው መኪና አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ልቡም ቀስ በቀስ ይደክማል። የማን ልጅ እንደታመመ አይሰማም፤ ማን እንደሞተ በሳምንቱ ከገበያ ሰው ይሰማል፤ ስሙ በስብሰባ የሚነሣው ቅጣት ሲነበብ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ቢያዘግም አይገርምም። የፀሐይን ስበት ማበርታት የሚችል የለም፤ የዕድርን ስበት ማበርታት ግን በእጃችን ነው። የጊንጪውን መንገድ ማሳጠር አንችልም፤ ለጊንጪው ሰው መደወል ግን እንችላለን። ጥሩምባው የማይደርስበት ቦታ ስልክ ይደርሳል። ስለዚህ ከኮሚቴው አንድ ሰው ተመድቦ፣ ሞት በደረሰ ሰዓት ለሩቅ አባላት ሁሉ እንዲደውል፤ የእነሱም ኀዘን ሲሆን ቢያንስ አምስት ሰው ከዚህ ሄዶ እንዲያስተዛዝን፤ የመኪናው ወጪም ከዕድሩ እንዲሸፈን እንጠይቃለን። ወደ እነሱ የማይሄድ ዕድር፣ እነሱ ወደ እሱ አልመጡም ብሎ ሊቀጣ አይገባውም።

ፈጽሞ የማይመጣ፣ መዋጮም የማይከፍል፣ ቢደወልለትም የማይመልስ አባል ቢኖርስ? እሱ ገመዱን ራሱ የበጠሰ ነውና ደንቡ ይፈጸምበት። እየዘገየ የሚመጣውን ግን ከቀረው ጋር አንድ አናድርገው። የዘገየና የቀረ ሁለት ነገር ናቸው። እኛ ከዚህ ከድንኳኑ አጠገብ የተቀመጥነው ብዙ የምንሮጠው ቅርብ ስለሆንን ነው፤ ከሩቆቹ ስለተሻልን አይደለም። ነገ ልጆቻችን ወደየት እንደሚወስዱን፣ እርጅናም የት እንደሚያሳርፈን አናውቅም። ዛሬ የምንወስነው የርቀት ደንብ ነገ በራሳችን ላይ የሚሠራ ነው።

ሐሳባችን ይኸው ነው። ውሳኔው የጉባኤው ነው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወደ ውይይቱ እንግባ።